ጩኸት ሁሉ ከክፉው ነውን?

ልጃችሁ የጆሮ ማዳመጫውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሲወጣ አንስታችሁ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንድ ወላጆች ይህን አድርገው ደንግጠው ወደ አገልጋዮች መጥተዋል። የሰሙት እነርሱ የሚያውቁት ዓይነት ዜማ አይደለም። ከበሮው ያለ ዕረፍት ይደበደባል፣ ጊታሩ እንደ እህል ወፍጮ ያጓራል፣ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ አንድ ሰው እንደ ቆሰለ አንበሳ ያገሣል፤ ቀጥሎም ጉሮሮው የተቀደደ እስኪመስል ድረስ ይጮኻል። ቃሉ አይለይም። የእናት ልብ ይመታል፤ አባት "ይህ ከሰይጣን ነው" ብሎ ይፈርዳል። ልጁን ጠርተው ሲጠይቁት ግን "ማሚ፣ ይኼ እኮ መዝሙር ነው!" ይላቸዋል።

ልጁ እየዋሸ ላይሆን ይችላል። በዚህ ድምፅ ስለ ኢየሱስ የሚዘምሩ ቡድኖች በእርግጥ አሉ፤ ከተጀመሩም ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ጥያቄው በብዛት የሚነሣው ልጆቻቸውን በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ በሚያሳድጉ ወገኖቻችን ቤት ነው፤ ነገር ግን ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ የትም ሆኖ የፈለገውን ስለሚሰማ አዲስ አበባም ሀዋሳም ላለን ሩቅ አይደለም። እንግዲህ ከመፍረዳችን በፊት እንመርምረው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ በ1970 አካባቢ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ሲጀመር ዘፋኞቹ በሚሰማ ድምፅ ይዘፍኑ ነበር። የማግሳቱ ድምፅ የተስፋፋው በ1980ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ነው። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት "ዴዝ" ማለትም "ሞት" ብሎ ራሱን የሰየመ ቡድን በ1987 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ፤ በዚያው ዓመት በበርሚንግሃም ናፓልም ዴዝ የተባለው ቡድን ተመሳሳይ ድምፅ ይዞ ወጣ። ከእነርሱ በኋላ ስለ ሬሳ፣ ስለ ደም፣ ስለ ሲኦል የሚያገሡ ብዙዎች ተከተሉ። አንዳንዶቹ ይህን የሚያደርጉት እንደ አስፈሪ ፊልም ለመዝናኛ ነው፤ አንዳንዶቹ ግን ክርስቶስን በግልጽ ይሰድባሉ።

በኖርዌይ የሆነው ከሁሉ የከፋ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብላክ ሜታል በሚባለው ሙዚቃ ዙሪያ የተሰባሰቡ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠል ጀመሩ። በቤርገን ከተማ አጠገብ የነበረው፣ ከ12ኛው መቶ ዓመት የቆየው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በሰኔ 1992 ወደ አመድነት ተለወጠ። ከሙዚቀኞቹ መካከል አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠል፣ በነፍስ ግድያም ጭምር ተፈርዶባቸው የታሰሩ አሉ። ስለዚህ "ይህ ድምፅ ያስፈራኛል" የሚል አባት ያለ ምክንያት አልፈራም። ወጣቶቻችን "እናንተ አታውቁም" ብለው ሲመልሱ ይህንንም ታሪክ ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ወንጌል በዚያ ድምፅ

ከዚያው ዓለም ውስጥ ግን ሌላ ነገርም ወጣ። በካሊፎርኒያ ስትራይፐር የተባለ ቡድን በ1983 ተመሠረተ። ስሙን ከኢሳይያስ 53፥5 ጋር አያይዘው፣ ቢጫና ጥቁር ለብሰው፣ በኮንሰርታቸው መካከል ወደ ሕዝቡ መጽሐፍ ቅዱስ ይወረውሩ ነበር። እነርሱ አያገሡም፤ ድምፃቸው ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። ቢሆንም የቴሌቪዥን ሰባኪው ጂሚ ስዋጋርት በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ መንፈሳዊ ሮክ የሚባለውን ሁሉ የበግ ለምድ ከለበሰ ተኩላ ጋር አመሳስሎ አወገዘው። በሌላ በኩል ቦብ ቢማን የተባለ መጋቢ በዚያው በካሊፎርኒያ፣ ጸጉራቸውን ያሳደጉና ጥቁር የለበሱ ወጣቶች በሌላ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሁሉም ዞሮ እንደሚያያቸው ተመልክቶ፣ ለእነርሱ "ሳንክቹዋሪ" የተባለ ጉባኤ ከፈተ።

የማግሳቱን ድምፅ ራሱን ለወንጌል ካዋሉት ቀዳሚዎች አንዱ በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ በ1990 የተመሠረተው ሞርቲፊኬሽን ነው። ዘማሪው ስቲቭ ሮው በ1996 የደም ካንሰር ያዘው፤ የአጥንት መቅኔ ተተክሎለት ተረፈ፤ ከዚያም በኋላ ስላለፈበት መከራና ስለ አምላኩ መዘመሩን ቀጠለ። በብራዚል በሳኦ ፓውሎ ከተማም አንቲዲሞን የተባለ የዴዝ ሜታል ቡድን መሪ የሆነ መጋቢ ክራሽ ቸርች የተባለውን ጉባኤ ይመራል። ማግሳትና መስበክ ለእርሱ የአንድ ሰው ሁለት ሥራ ናቸው።

ይህ የጥቂቶች ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። ከፍሎሪዳ የተነሣው አንደርኦዝ የተባለው ቡድን በ2006 ያወጣው አልበም በአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ሠንጠረዥ 2ኛ ሆኖ ገባ። አልበሙ በአብዛኛው የሚጮኽ ነው፤ አባላቱም በወቅቱ ክርስቲያኖች መሆናቸውን ከመድረክ ላይ ይናገሩ ነበር። ያው ቡድን በ2018 ሌላ አልበም ሲያወጣ ግን "ከእንግዲህ የክርስቲያን ቡድን ተብለን አንጠራም" አለ። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ፊንላንድን ሳልጠቅስ አላልፍም። ለመካነ ኢየሱስ አባላት የፊንላንድ ሉተራውያን ሚስዮናውያን እንግዳ አይደሉም። በእነዚያው ወገኖች አገር፣ በሄልሲንኪ ከተማ፣ በ2006 "የሜታል ቅዳሴ" የተባለ አምልኮ ተጀመረ። የሥርዓተ አምልኮው ቅደም ተከተል የታወቀው የሉተራውያን ነው፤ ኑዛዜው፣ ስብከቱ፣ የጌታ እራት ሁሉም በቦታው ነው፤ መዝሙሮቹም ከመዝሙር መጽሐፋቸው የተወሰዱ ናቸው። የተለወጠው አጃቢው ሙዚቃ ነው። ጉባኤው አብሮ መዘመር ስላለበት የሚዘመረው በአብዛኛው በሚሰማ ድምፅ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

"ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው" የሚል አይጠፋም። ጊታርና ድራም በእኛ መድረክ ላይ ሲወጡ "ዘፋኝነት ገባ" ብለው ያዘኑ አባቶች እንደነበሩ ዕድሜያቸው የገፋ ምዕመናን ያስታውሳሉ። ዛሬ ያለ ኪቦርድ የሚጀመር ጉባኤ ብናይ "ምን ጎደለ?" እንላለን።

ጉሮሮው ምን ይሠራል?

ብዙ ሰው የሚያገሣው ዘማሪ የድምፅ አውታሩን እየቀደደ ይመስለዋል። በትክክል ለተማረው እንደዚያ አይደለም። በማንቁርታችን ውስጥ ለንግግርና ለዝማሬ የምንጠቀምባቸው የድምፅ አውታሮች አሉ፤ ከእነርሱ ከፍ ብሎ ደግሞ ሐኪሞች "ሐሰተኛ አውታሮች" የሚሏቸው ሁለት እጥፋቶች አሉ። እነዚህ በተለመደ ንግግር ጊዜ አይሠሩም፤ ምግብ ስንውጥ ግን የአየር ቧንቧችንን ለመዝጋት ያግዛሉ። የሚያገሣ ዘማሪ በአብዛኛው የሚያርገበግበው እነዚህን ነው። ትንፋሹን ከሆዱ ይዞ፣ ጉሮሮውን ሳያጨናንቅ፣ ድምፁን ማጉያው እንዲያጎላለት ይተዋል። ሜሊሳ ክሮስ የተባለች የኒው ዮርክ የድምፅ አስተማሪ ይህንን የሚያስተምር ፊልም በ2005 አውጥታለች፤ ከታወቁት የዚህ ሙዚቃ ዘፋኞች ብዙዎቹ ተማሪዎቿ ነበሩ። ሳይማሩ በጉሮሯቸው ብቻ የሚጮኹት ግን ድምፃቸው ይሰነጠቃል፤ በአውታራቸው ላይም እባጭ ይወጣል።

ይህን ሳነብ ባለቤቴ ትዝ አለኝ። እሑድ ሁለተኛው ጉባኤ ሲያልቅ ድምፁ ተዘግቶ፣ ሰኞ ሙሉ በምልክት እየተነጋገርን፣ ዝንጅብል በማር እያፈላሁለት የኖርኩ ሴት ነኝ። በስብከቱ መጨረሻ የሚያወጣው ድምፅ ከእነዚያ ወጣቶች ድምፅ እጅግ የራቀ አይደለም። ማንም ግን አጋንንት ነው አላለውም፤ "ዛሬ ቅባቱ ከባድ ነበር" ነው የሚባለው። የጾም ጸሎታችንን ከግድግዳ ማዶ የሚሰማ ጎረቤትስ ምን ብሎ ይሆን?

ድምፁም ቢሆን የፈረንጅ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በሩሲያ ግዛት ውስጥ የሚኖሩት የቱቫ ሕዝብ እረኞች ሐሰተኛ አውታሮቻቸውን በማርገብገብ በጣም ወፍራም ድምፅ አውጥተው ይዘምራሉ። በጣሊያን ደሴት በሰርዲኒያም አራት ሆነው ከሚዘምሩት ወንዶች አንዱ እንደዚሁ ያጓራል። እኛስ? ቀረርቶ የሚያሰማ ሰው፣ ሽለላና ፉከራ የሚያወርድ ሰው ድምፁን ያሻክራል፣ ይጎረብጣል፣ ይጮኻል፤ ቀረርቶን ግን በአጋንንት ማንም አያማውም። የጀግና ነው፣ የአባቶቻችን ነው እንላለን። ጆሯችን የለመደውን ድምፅ "ባህል"፣ ያልለመደውን "ጋኔን" ማለት ይቀናናል።

ታዲያ እናት ስትሰማው ልቧ ለምን ይመታል? ለዚህም መልስ አለው። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው የሰው ጩኸት ከንግግር የሚለየው በመሻከሩ ነው፤ ድምፁ በሰከንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ይርገበገባል። አንጎላችን ውስጥ ፍርሃትን የሚመለከተው ክፍል ይህን መሻከር ሲሰማ ይነቃል። የአደጋ ደወሎችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ፈጣሪ ጆሯችንን እንዲህ የሠራው ለበጎ ነው፤ የሕፃን ጩኸት ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያነሣንም ሻካራ ስለሆነ ነው። ስለዚህ እናቲቱ ስትደነግጥ ጆሮዋ ሥራውን እየሠራ ነው። ድንጋጤዋ "አንድ ሰው ተጨንቋል" ይላታል እንጂ ያ ሰው ስለ ምን እንደሚጮኽ አይነግራትም።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለሚጮኹ ሰዎች

ይህንን ሙዚቃ የሚቃወሙ ወገኖች የሚጠቅሷቸው ክፍሎች ከባድ ናቸው። የበኣል ነቢያት በታላቅ ድምፅ ጮኹ፣ ሰውነታቸውንም ቆራረጡ (1ኛ ነገ. 18፥28)፤ እግዚአብሔር ግን ለኤልያስ በትንሽ የዝምታ ድምፅ ተናገረ። በመቃብር ይኖር የነበረው በአጋንንት የተያዘ ሰው ሌሊትና ቀን ይጮኽ ነበር (ማር. 5፥5)። ኢሳይያስ ስለ እግዚአብሔር ባሪያ እንደማይጮኽ ይናገራል (ኢሳ. 42፥2)። ጳውሎስም ከቁጣና ከስድብ ጋር ጩኸት ከእኛ እንዲወገድ ያዝዛል (ኤፌ. 4፥31)።

መልካም። ነገር ግን በዚህ የኤፌሶን ክፍል "ጩኸት" ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል "ክራውጌ" ነው። ይኸው ቃል በዕብራውያን 5፥7 ላይ ስለ ጌታችን ተነግሯል፤ በሥጋው ወራት በብርቱ ጩኸትና በእንባ እንደጸለየ። አንዱ ቃል በአንዱ ቦታ በትዳርና በጉባኤ መካከል የሚነሣውን የጠብ ጩኸት፣ በሌላው ቦታ የልጁን የጭንቅ ጸሎት ያመለክታል። በራእይ 21፥4 ደግሞ ከሞትና ከኀዘን ጋር ይህ ክራውጌ ከእንግዲህ እንደማይኖር ተስፋ ተሰጥቶናል። ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ ግን አለ።

ብሉይ ኪዳን የበለጠ ያስደንቃል። በዕብራይስጥ የአንበሳ ማግሳት "ሻአግ" ይባላል። በሶምሶን ላይ የመጣው ደቦል አንበሳ ያደረገው ይህን ነው (መሳ. 14፥5)። አሞጽ 3፥8 ላይም አንበሳው የሚያገሣው በዚሁ ቃል ነው። አሁን መዝሙር 22፥1ን ግለጡ፤ ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ የጸለየው መዝሙር ነው። በአማርኛው "ጩኸት" የሚለው ቃል በዕብራይስጡ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ ዳዊት የሚያወጣው ድምፅ እንደ አንበሳ ማግሳት ነው። በመዝሙር 32፥3 ኃጢአቱን የደበቀው ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያሰማው ድምፅ፣ በመዝሙር 38፥8 ከልቡ መታወክ የተነሣ የሚያወጣው ድምፅ፣ በኢዮብ 3፥24 እንደ ውኃ የሚፈስሰው ድምፅ፣ ሁሉም ያው የአንበሳው ቃል ነው። እኛ በለሰለሰ ድምፅ የምናነባቸው መዝሙራት ሲጸለዩ ምን ዓይነት ድምፅ እንደነበራቸው አስቡት።

ስለዚህ ሻካራ ድምፅ ሁሉ ከአጋንንት ነው የሚለውን ትምህርት እኔ አልቀበለውም። የበኣል ነቢያትም ዳዊትም ጮኸዋል፤ ልዩነታቸው የሚጮኹለት አምላክ ነው።

ታዲያ ለምን በጉባኤ አይዘመርም?

እዚህ ላይ ደግሞ ወጣቶቹ ደስ የማይላቸውን እናገራለሁ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ዋሽንትና ክራር እንኳ የድምፅ ልዩነት ካልሰጡ የሚነፋው ወይም የሚመታው እንዴት ይታወቃል ብሎ ይጠይቃል፤ አስከትሎም የምትለውን የማያውቅ ሰው በምስጋናህ ላይ እንዴት አሜን ይላል ይላል። በዚያ የሚናገረው ስለ ልሳን ቢሆንም መመዘኛው ለዝማሬም ይሠራል። የጉባኤ መዝሙር የአንድ ሰው ስሜት መግለጫ አይደለም። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት እናት፣ ገና ትናንት ጌታን የተቀበለው ወንድም፣ የ6 ዓመቷ ልጅ አብረው ሊዘምሩት፣ ቃሉንም ሊይዙት ይገባል። የሚገሣ መዝሙር ይህንን አያደርግም። ፊንላንዳውያኑም ያወቁት ይህንን ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ይህ መመዘኛ ለእኛም ይሠራል። የድምፅ ማጉያው ከመጠን በላይ ተከፍቶ ቃሉ የማይሰማ ስንት መዝሙር በየሳምንቱ እንዘምራለን! ኪቦርዱ ኳየሩን ሲውጠው "ኃይለኛ አምልኮ ነበር" ብለን እንወጣለን።

በጉባኤ የማይሆን ሁሉ ግን በቤት ኃጢአት ነው ማለት አይደለም። ሽለላን በጌታ እራት ሰዓት አናሰማም፤ ሠርግ ላይ ግን ሰምተን እንስቃለን።

ከድምፁ ጀርባ ያለው ሰው

ስለ ትዳር በሚወራበት መጽሔት ይህን ታሪክ መዝለል አልችልም። አዝ አይ ሌይ ዳይንግ የተባለው የሳን ዲዬጎ ቡድን አልበሞቹ በክርስቲያን የመጻሕፍት መደብሮች ይሸጡ ነበር። ዘፋኙ ቲም ላምቤሲስ በግንቦት 2013 ተያዘ። ወንጀሉ የተለያትን ሚስቱን የሚገድልለት ሰው ለመቅጠር መሞከሩ ነበር፤ የቀጠረው ሰው ግን ራሱን የሰወረ ፖሊስ ሆኖ ተገኘ። ሴትየዋ ተረፈች። እርሱ በ2014 ጥፋተኝነቱን አምኖ 6 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2016 መጨረሻ በአመክሮ ወጣ። በ2014 ለአንድ የሙዚቃ መጽሔት በሰጠው ቃል ከመታሰሩ በፊት እምነቱን ትቶ እንደነበር፣ ቡድኑ ግን ክርስቲያን እየተባለ መቀጠሉን ተናገረ።

"አያችሁ? ድምፁ ነው ያበላሸው" የሚል ይኖራል። እኔ እንደዚያ አላነብበውም። እንደ ማር በሚጣፍጥ ድምፅ የዘመሩና ሚስቶቻቸውን ያስለቀሱ ሰዎችን አገልጋይ ሁሉ ያውቃል። እኔ የማነብበው ሌላ ነው፦ "ክርስቲያን" የሚለው ጽሑፍ በአልበም ሽፋን ላይ ሲለጠፍ ስለ ሰውየው ልብ ዋስትና አይሆንም። አንደርኦዞች ቢያንስ ስያሜውን ከላያቸው ላይ በግልጽ አውርደዋል፤ ላምቤሲስ ግን ስያሜውን ይዞ ባዶውን ኖረ። ልጃችሁ "የክርስቲያን ቡድን ነው" ካላችሁ በዚህ ብቻ አትረኩ፤ "የክርስቲያን አይደለም" ካላችሁም በዚህ ብቻ አትፍረዱ።

ሙዚቃው ራሱ ሰውን ጨካኝ ያደርጋል ወይ ለሚለው፣ በአውስትራሊያ የተሠሩ ሁለት ጥናቶችን ላካፍላችሁ። በ2015 በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ከ18 እስከ 34 ዓመት የሆናቸውን 39 የዚህ ሙዚቃ አድማጮች ያናደዳቸውን ነገር እያናገረ ካስቆጣ በኋላ፣ ግማሾቹን ለ10 ደቂቃ የራሳቸውን ሙዚቃ አሰማ፣ ግማሾቹን በዝምታ አስቀመጠ። ሙዚቃው ቁጣቸውን አልጨመረም፤ በዝምታ የተቀመጡትን ያህል ተረጋጉ። በ2019 የታተመው የማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ስለ ግፍ የሚያገሣ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች የግፍ ምስል ሲያዩ እንደማንኛውም ሰው እንደሚሰቀቁ፣ ስሜታቸው እንዳልደነዘዘ አገኘ። ሁለቱም ጥናቶች አነስተኛ ናቸው፤ ስለ ነፍስም አይናገሩም። ስለ ክርስቶስ ስድብን በየቀኑ መስማት ልብን ምን እንደሚያደርግ ላቦራቶሪ አይለካውም፤ እኔ ግን አያንጽም እላለሁ። ይሁን እንጂ "ይህን የሚሰማ ሰው ይገድላል" እያልን ልጆቻችንን አናስፈራራ፤ እውነት ስላልሆነ አያምኑንም፤ በሌላም ነገር አያምኑንም።

ስለ እርሱ የሚጮኽለት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር በአሜሪካ ባለ አንድ የኢትዮጵያውያን ጉባኤ ስናገለግል አንዲት እናት ከስብሰባ በኋላ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። ባሏ በካንሰር ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የ16 ዓመት ልጇ ክፍሉን ዘግቶ ይህን ጩኸት ይሰማል። "እትዬ፣ ይጸለይለት፤ አንድ ነገር ገብቶበታል" አለችኝ። ልጁን ቀስ ብዬ አነጋገርኩት። የሚወደውን እንዲያሰማኝ ጠየቅሁት፤ ሰማሁት፤ እውነቱን ለመናገር ራሴን አመመኝ። ቀጥዬ "ቃሉን አሳየኝ" አልኩት። በስልኩ አውጥቶ አሳየኝ። ከአንድ ቀብር በኋላ እግዚአብሔርን "የት ነህ?" እያለ የሚጠይቅ ሰው ጸሎት ነበር፤ መጨረሻው ላይ ሰውየው ይሸነፋል።

"ይህን ለምን ወደድከው?" አልኩት። በተሰባበረ አማርኛው "አባባ ሲሞት ሁሉም አንተ ወንድ ነህ፣ ጠንክር፣ አታልቅስ፣ ጌታ ጋር ነው አሉኝ። እሱ ለእኔ ይጮኽልኛል" አለኝ።

እናቲቱ በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። ለካ እርሷም እንደዚያው ተብላ አላለቀሰችም። እኛ ወንጌላውያን የቀደመውን ሙሾና ደረት መምታት "ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ" በሚለው ትምህርት ትተናል፤ መተዋችንም መልካም ነው። በቦታው ምን ተካን? ለሐዘንተኛ የምንዘምርለት ሁሉ የድል መዝሙር ነው። 22ኛውንና 88ኛውን መዝሙር የሚያስጸልየው ያጣ ልጅ ከፍሎሪዳ የመጣ ጩኸት ቢከራይ ልንገረም አይገባም። በዚያ ቀን ለልጁ ከክፉ መንፈስ ነጻ መውጣት አልጸለይንም፤ ሦስታችን ስለ አባቱ አለቀስን።

በዚያው ስልክ ላይ ግን ሌላም ነበር። ሁለት ዘፈኖችን ቃላቸውን አብረን አነበብን፤ አንዱ ስድብ ነበር፣ ሌላው ራስን መጉዳትን የሚያሞግስ። ሁለቱንም ራሱ አጠፋቸው። ራስን ስለመጉዳት ለብቻው በግልጽ ጠየቅሁት፤ ወላጆች፣ ይህን ጥያቄ አትፍሩት። ልጁ "አዎ" ካለ ነገሩ የሙዚቃ መሆኑ ቀርቷል፤ ጸሎትም ሐኪምም በዚያው ሳምንት ያስፈልገዋል።

ባልና ሚስት ከመጣላታቸው በፊት

በዚህ ጉዳይ በየቤቱ የማየው አባት ሲዲውን ሲሰብር ወይም ስልኩን ሲነጥቅ፣ እናት ደግሞ "ለአባትህ አልነግርም፣ ቀስ ብለህ ስማ" ስትል ነው። ልጁ የሚማረው አንዱን መፍራትና አንዷን ማታለል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለታችሁ መኝታ ቤታችሁ ገብታችሁ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ልጁን ጥሩት። ቃሉን አትሙና በእጃችሁ ይዛችሁ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው አዳምጡ። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ ልጁ ይተርጉምላችሁ፤ ስድቡን ለእናቱ በአማርኛ መተርጎም ያፈረበትን ዘፈን ከዚያ በኋላ በደስታ አይሰማውም። ትንንሽ ወንድሞችና እህቶች በሚሰሙበት ሳሎን አይከፈት፤ እነርሱን ያስፈራቸዋል። ልጁ ራሱ ማግሳት እፈልጋለሁ ካለ ደግሞ (አትሳቁ፣ ይላሉ) የድምፅ አስተማሪ ጋር ይሂድ፤ ካመመው ያቁም።

ጆሮውንም አትርሱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ 80 ዴሲቤል እንዳይሰማ ይመክራል፤ ለልጆች ደግሞ 75። ብዙ ስልኮች ይህን የሚለካና የሚገድብ ማስተካከያ አላቸው፤ ልጁን ጠይቁት፣ ያሳያችኋል። በእሑድ ጉባኤያችን ድምፅ ማጉያ አጠገብ የሚቀመጡት ሕፃናት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰሙ በዚሁ ስልክ ለክታችሁ ለሽማግሌዎች ብታሳዩአቸው ደግሞ ደስ ይለኛል።